ልጄ ላይ አጥንት በቀለ

የአንባቢያን ጥያቄ

ጋሼ፣ መጽሔቱን የማነበው ከጎረቤቴ እየተዋስኩ ነው። ስለ ወገብ ሕመም የጻፉትን ለእናቴ አንብቤላቸው ተጠቅመውበታል። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ዕድሜዬ 29፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፤ 8 ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመት ሲሆነው ገላውን ሳጥበው ከጉልበቱ በታች ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣች። የራሱ አጥንት መስላኝ ተውኳት። አሁን በሁለቱ ጉልበቶቹ ዙሪያ፣ በግራ እጁ አንጓ፣ ከትከሻው ኋላ፣ አንዷም ጎድኑ ላይ አሉ። ትልቋ ግማሽ እንቁላል ታክላለች። ቆዳው አይቀላም፣ አያተኩሰውም፤ ስነካው ግን እንደ ድንጋይ ነው።

መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ወሰድነው። «ውልቃት ነው» ብለው ዐሥራ አንድ ቀን በቅቤ አሹት፤ ልጁ ጮኸ እንጂ እብጠቱ አልቀነሰም። ከዚያ ኤክስሬይ ተነሣ። አንድ ሐኪም ፊልሙን አይተው 14 ቆጠሩና «ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል ሁሉም ተለቅሞ ይውጣ» አሉኝ። አባቱ ጅዳ ነው። ደውዬ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «እኔም እኮ ጉልበቴ ላይ አለኝ፤ አባቴም ነበራቸው» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስንኖር አንድ ቀን አልነገረኝም! አማቴ ደግሞ እርጉዝ ሆኜ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ ስለሰፋሁ ነው ይላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዱዓ ሲያደርግ ግራ መዳፉ እንደ ቀኙ ወደ ላይ አይዞርም፤ ያጋድላል። የሚቀልድ መስሎኝ ተቆጥቼዋለሁ።

ልጄ ካንሰር ነው ያለበት? ሁሉም መውጣት አለበት? ጥፋቱ የኔ ነው? ሌላ ልጅ ብወልድስ?

የልጁ እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እኅቴ፣ ታናሼ ስለሆንሽ አንቺ እልሻለሁ። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ሱሪዬን እስከ ጭኔ ሰብስቤ መቁጠር ጀመርኩ። ከቆጠርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። በቀኝ ጉልበቴ ዙሪያ ስድስት፣ በግራው አምስት፣ ቁርጭምጭሚቶቼ ላይ ሦስት፤ እጄና ትከሻዬ ሲጨመር 23። ባለቤቴ ቡና ይዛ ገብታ «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። በዚህ ዓምድ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ሰው ወገብና ስለ ሰው ጉልበት ስጽፍ ስለ ራሴ አጥንት ተናግሬ አላውቅም፤ የጠየቀኝ አልነበረማ።

ፊልሙን ሳላይ «ይህ ነው» ብዬ አልፈርምም። ግን በሕፃንነት የጀመረ፣ መገጣጠሚያ አካባቢ የበዛ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ በዚያ ላይ አባትና አያትም ያላቸው እብጠት ከሆነ ሌላ ብዙ ነገር አይጠረጠርም። ሐኪሞች «መልቲፕል ኦስቲዮኮንድሮማ» ይሉታል። የቆየው ስሙ «ሄሬዲተሪ መልቲፕል ኤክሶስቶሲስ» ነው፤ ካርድ ላይ «ኤችኤምኢ» ብለው ያሳጥሩታል። ከ50,000 ሰው አንዱ ላይ ቢገኝ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስም ሆነ አዲስ የተመረቀው ሐኪም አይቶት ላያውቅ ይችላል። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ፤ አይቀየሙሽም።

ካንሰር አይደለም። ምን እንደሆነ ልንገርሽ። የልጅ አጥንት የሚረዝመው ከመካከሉ ሳይሆን ወደ ጫፎቹ ካለው ቦታ ነው። እዚያ ስስ የካርቲሌጅ ንብርብር አለ። ካርቲሌጅ ማለት ዶሮ ስትበይ ከአጥንቱ ጫፍ የምታገኚው፣ ጥርስ ሲነክሰው የሚንቀጫቀጨው ነጭ ነገር ነው። ንብርብሩ በፊት በኩል እያደገ በኋላ በኩል ወደ አጥንት ይለወጣል፤ ልጁም ይረዝማል። በኛ ቢጤ ልጆች ላይ ግን ከዚያ ካርቲሌጅ ጥቂቱ መስመሩን ስቶ ወደ ጎን ያድጋል። እንጀራ ስትጋግሪ ከእጅሽ አምልጣ ከምጣዱ ዳር ለብቻዋ የምትበስለውን ጠብታ ታውቂያታለሽ። ሊጧ ያው ሊጥ ነው፣ የበሰለችውም በዚያው እሳት ነው፤ ቦታዋ ብቻ ነው የተሳሳተው። የልጅሽም እብጠት እንደዚያው ነው፤ ውስጡ ከዋናው አጥንት ጋር የተያያዘ ጤነኛ አጥንት፣ ከላዩ የካርቲሌጅ ቆብ። ልጁ ሲያድግ ያድጋል፤ ልጁ መርዘሙን ሲያቆም እሱም ያቆማል።

ሲሚንቶው የለበትም። ፈረንሳዊው ሐኪም ቦዬ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1814 ነው፤ ምክንያቱ የታወቀው ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ «ኢኤክስቲ1» ወይም «ኢኤክስቲ2» በሚባሉት ዘረ መሎች በአንዱ ላይ ነው። የሁለቱም ሥራ ሄፓራን ሰልፌት የሚባል ረጅም የስኳር ሰንሰለት መሥራት ነው። ሰንሰለቱ «እዚህ እደግ፣ እዚያ አትደግ» የሚለውን መልእክት በየቦታው ይዞ የሚያቆይ ነው፤ ሲያንስ ድንበሩ ይላላል። ከዐሥር ሰው አንዱ ያህል ከወላጆቹ ማንም ሳይኖረው በራሱ ይጀምረዋል፤ የቀረነው ወርሰነው ነው። ባለቤትሽ ከአባቱ ወርሷል፣ ልጁ ከሱ ወርሷል። ለአማትሽ «የናንተው ቤት ነገር ነው» ብለሽ እንዳትመልሺ አደራ። እሳቸውም እንዳንቺ አግብተውት ነው ያገኙት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። 14 የሚለውን ቁጥር እርሺው። የዚህ ሕመም ክፉ ነገሩ የእብጠቱ ብዛት ሳይሆን እብጠቱ ጎረቤቱን አጥንት፣ ነርቭና መገጣጠሚያ የሚያደርገው ነው። ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ አንድ መስመር ነው፤ የዱዓው።

ከክርን እስከ አንጓ ሁለት አጥንቶች አሉን፤ አንዱ በትንሿ ጣት በኩል፣ ሌላው በአውራ ጣት በኩል። መዳፍ የሚገለበጠው የአውራ ጣቱ አጥንት በትንሿ ጣቱ አጥንት ዙሪያ ሲዞር ነው። የትንሿ ጣቱ አጥንት የሚረዝመው በአብዛኛው በአንጓው በኩል ነው፤ ጫፉ ደግሞ ቀጭን ነው። እዚያ ላይ እብጠት ሲወጣ እድገቱን ይቀማዋል፣ አጥንቱ ያጥራል። ጓደኛው ግን ማደጉን አያቆምም። አንዱ ክር አጥሮ ሌላው ረዝሞ የተሰፋ ጨርቅ ምን እንደሚሆን ካንቺ በላይ አላውቅም፤ ይጎብጣል። የአውራ ጣቱ አጥንት እንደ ቀስት ይለመጣል፤ ዝም ከተባለም ላይኛው ጫፉ ክርን አካባቢ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ወጌሻው «ውልቃት» ቢሉ እውነት ይሆንላቸዋል።

የኔ ግራ እጅ እንደዚያ ሆኗል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሲሰጠኝ ግራ መዳፌ ስለማይዞር ሳንቲሙ ይወድቃል፤ «አባት ተቀበሉ እንጂ!» ይሉኛል። ሸሚዝ ሳሰፋ የግራ እጅጌዬ 3 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፤ ሽሮ ሜዳ ያለው ልብስ ሰፊዬ ሳይለካ ያውቀዋል። አባቴ ሸማኔ ነበር። እሱም ግራ እጁ ነው የተበላሸበት። መወርወሪያዋ ከቀኝ ስትመጣ እንደ ሌላው ሰው በመዳፉ አይቀልባትም፤ በሁለት ጣቶቹ ጫፍ እንደ ዝንብ ይይዛታል። እኔ ልጅ ሆኜ ሽመና ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ጎረቤት ቤት ሄጄ ሌላ ሸማኔ እስካይ ድረስ።

ስለዚህ ይህን አድርጊ። ልጁ ቁጭ ብሎ ሁለቱን ክርኖቹን ጎድኑ ላይ ያጣብቅ፤ ክርኑ እንደታጠፈ በየእጁ እርሳስ ይጨብጥና መዳፉን ወደ ላይ ያዙር። እርሳሶቹ የት ላይ እንደቆሙ ከፊት ለፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ። በየስድስት ወሩ ድገሚው። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ አስቀድመሽ የምታሳዪው ይህን ይሁን። ቀዶ ሐኪሙ እብጠቱን ከአንጓው ላይ ሊያነሣ፣ ያጠረውን አጥንት ሊያስረዝም ወይም የረዘመውን እድገት ለጊዜው ሊገታ ይችላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ፊልሙንና ዕድሜውን አይቶ ነው። ይህን ግን ለሁለት ሦስት ዓመት አታቆዪው።

ሜትርሽንም አውጪ። ጫማውን አውልቆ ጉልበቶቹን አነካክቶ ይቁም፤ በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች ውስጠኛ አጥንት መካከል ያለውን ክፍተት ለኪና ጻፊ። ክፍተቱ በየጊዜው ከሰፋ ጉልበቱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው። ልጅ ሳለ መላው ቀላል ነው። ሁለት ብሎን ያላት የጣት ጥፍር የምታህል ብረት በጉልበቱ ውስጠኛ በኩል ትታሠራለች፤ በዚያ በኩል እድገቱ ሲገታ በወዲያኛው በኩል ያለው ይቀጥልና እግሩ ራሱን ያቃናል። ከዚያ ብረቷ ትወጣለች። ይህ የሚሠራው አጥንቱ ገና በማደግ ላይ እያለ ብቻ ነው። 17 ዓመት ሞልቶት ከመጣ ያለው መንገድ አጥንት ቆርጦ ማቃናት ነው፤ የአንዱና የሌላው ስቃይ አይገናኝም። ሱሪውንም ግራና ቀኙን ለየብቻ ለኪው። አንዱ እግር ሊያጥር ይችላል። ልብስ ሰፊ እናት ያለው ልጅ ታድሏል፤ የኔን እግር እኩል አለመሆን ያየልኝ ሰው አልነበረም።

«ሁሉም ይውጣ» ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው። ለምን እንዲህ ቁርጥ አድርጌ እንደምናገር ልንገርሽ። 14 ዓመት ሲሆነኝ ከቀኝ ጉልበቴ ውጭ በኩል አንዲት እብጠት ነበረች። አታመኝም፣ አታስነክሰኝም። ቁምጣ ስለብስ ትታያለች፣ የሰፈር ልጆች «ሎሚ ሰርቀህ ነው» ይሉኛል፤ ጥፋቷ ይኸው ነው። አባቴ አንድ ጋቢ ሸጦ አሳከመኝ። የሆስፒታሉን ስም አላነሣም። ከሰመመን ስነቃ ጉልበቴ አምሮበታል፣ የእግሬ ጣቶች ግን ወደ ላይ አልነሣ አሉ። ነርቯ በዚያች ቦታ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቃ ነው የምታልፈው፤ ተነክታለች። ስራመድ እግሬ ይጎተታል፣ ነጠላ ጫማዬ በሦስት ርምጃ አንዴ ወልቃ ወደኋላ ትቀራለች። ስምንት ወር ፈጀ። በስምንቱ ወር ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ጣቶቼን በእጃቸው እያነሡ «አሁን አንተ ያዛት» የሚሉኝ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበሩ። በኋላ እኔም የሳቸውን ሙያ ተምሬ 31 ዓመት ሠራሁበት፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከስሬያለሁ አልልም።

ታዲያ መቼ ይውጣ? ሲራመድ ጅማት እየፈተገው ዘወትር የሚያመው ከሆነ፣ እግሩ ወይም እጁ ከደነዘዘ፣ ጉልበቱን ማጠፍ ወይም ክንዱን ማንሣት ከከለከለው፣ ወይም እንደ አንጓው አጥንት እያጎበጠ ከሆነ። በሕፃንነት፣ እብጠቱ ገና ካርቲሌጁ ንብርብር አጠገብ ሳለ ከተነካ ንብርብሩ ራሱ ሊጎዳ ይችላል፤ የወጣውም ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። የማያስቸግር ሁሉ ባለበት ይቀመጥ። አንድ ለይቼ የማስጠነቅቅሽ ነገር ቢኖር እግሮቹ ከደከሙ፣ መደናቀፍ ካበዛ ወይም ሽንት መቋጠር ካቃተው ነው። አልፎ አልፎ እብጠቱ በአከርካሪ ውስጥ ስለሚያድግ ያን ጊዜ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ይዘሽው ሂጂ።

ሐኪሙ ስለ ካንሰር የነገሩሽ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም፤ የነገሩት ለተሳሳተው ሰው ነው። በዚህ ሕመም ከተያዙት ከመቶ ከአንድ እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ ከእብጠቶቹ አንዱ ኮንድሮሳርኮማ ወደሚባል ካንሰር ይለወጣል። ይህ የሚሆነው ግን በአብዛኛው በጎልማሶች ላይ ነው፤ ከ20 ዓመት በታች እጅግ ጥቂት ነው። ምልክቱም ይታወቃል። ሰውየው ማደጉን ካቆመ በኋላ አንዲት የድሮ እብጠት እንደገና ስታድግ ወይም ያለ ምክንያት ማመም ስትጀምር ነው። የሰው አጥንት መርዘሙን ካቆመ ቆቡም ማደግ የለበትምና። እንዲህ ሲሆን በኤምአርአይ የቆቡ ውፍረት ይታያል፤ በአዋቂ ሰው ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ሐኪሞች ይጠረጥራሉ።

እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ካንሰር መጠየቅ ያለበት ማን ነው? ጅዳ ያለው። ዛሬ ማታ ደውይለትና «ከ20 ዓመትህ ወዲህ ያደገ አለ? ሌሊት የሚያምህ አለ?» ብለሽ ጠይቂው። ጉልበት ላይ ያለውን በእጁ ያገኘዋል፤ ዳሌና ትከሻ ውስጥ ያለውን ግን አያገኘውም፤ ሳይታይም የሚያድገው እዚያ ነው። ስለዚህ የዳሌና የትከሻ ኤክስሬይ አንድ ጊዜ ይነሣና ፊልሙን ለወደፊት ማነጻጸሪያ ያስቀምጠው። ስላልነገረሽ አትቆጪው። እኔም ለባለቤቴ የነገርኳት ከሠርጋችን በኋላ ነው፤ ከጋብቻ በፊት ሰው ጉልበቱን አሳይቶ አይታጭም።

ወጌሻውን በተመለከተ አጭር ልበል። ለወለምታ እጃቸው የሚፈውስ ወጌሾች አውቃለሁ። አጥንት ግን በቅቤ አይሟሽሽም፤ የተሸ እብጠት ከላዩ ውኃ ሊቋጥር፣ አንገቱ የቀጠነም ሊሰበር ይችላል። ከሁሉ የምፈራው ግን ሸምበቆ አድርገው አጥብቀው ሲያሥሩት ነው። በሠራሁበት ክፍል ደም ተከልክሎ ጠቁሮ የመጣ የልጅ እጅ አይቻለሁ፤ የዚያን ልጅ እናት ፊት አልረሳውም። ዱዓውም ጠበሉም ይቀጥል፣ ማሸቱ ይብቃ።

ኳስ ይጫወት። እብጠቱ ላይ ሲመታ ከሌላው ልጅ ይበልጥ ያመዋል እንጂ መሮጥ እብጠት አያበዛም። ለስፖርት መምህሩ ንገሪው፤ ያቃተውን እንዳያስገድደው፣ የቻለውንም እንዳይከለክለው።

ሌላ ልጅ ስለመውለድ ምክር አልሰጥም፤ ያለውን ልንገርሽ። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ ሳንቲም እንደመወርወር። የመጀመሪያው ስለወረሰ ሁለተኛው ይተርፋል ማለት አይደለም። ሴትም ወንድም ይወርሳሉ። ክብደቱም በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ይለያያል። እኔ ሁለት ወልጃለሁ። ወንዱ የለውም። ሴቷ አላት፤ ግን አራት ብቻ ናቸው፣ አንዱም አያስቸግራትም፤ አሁን 26 ዓመቷ ነው። የባሰብኝ የኔው ነው።

የት ልሂድ ካልሽ፣ የጤና መድን አባል ከሆንሽ ከጤና ጣቢያ ጀምረሽ በሪፈር ነው የምትሄጂው፤ ዘለሽ ከሄድሽ ወጪው ወዳንቺ ሊመጣ ይችላል። ደሴ አጥንት ሐኪም ይየው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩሽ ከሆነ ጥቁር አንበሳ ወይም ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል እንዲሆን ጠይቂ። የኪዩር ሥራ የልጆች አጥንት ነው፤ ጎባጣ ክንድና ጎባጣ ጉልበት ማየት ብርቃቸው አይደለም። ፊልሙን ጠቅልለሽ እንጂ አጥፈሽ አትያዢ። መዳፉን ደግሞ አትቆጪው።

ጥያቄ

17 ዓመቴ ነው፤ 12ኛ ክፍል ነኝ። ክንዴ ላይ ወደ ትከሻዬ አንድ የአጥንት እብጠት አለኝ፤ ሌላ የትም የለኝም። ሐኪም «ኦስቲዮኮንድሮማ» ብሎኛል። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ዘር እንደሚከተልና ካንሰር እንደሚሆን አየሁና እንቅልፍ አጣሁ። እጅጌ ጉርድ መልበስም አፍራለሁ።

ከአዳማ

መልስ

ልጄ፣ ያነበብሽው ከላይ ለኮምቦልቻዋ እናት የጻፍኩትን ሕመም ነው። ያንቺ ሌላ ነው። አንድ ብቻ የሆነው ከካንሰር ውጭ ካሉት የአጥንት እብጠቶች ሁሉ ብዙ ሰው ላይ የሚገኘው ነው፤ ዘር አይከተልም፣ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉም ከኛ ከባለብዙዎቹ በጣም ያነሰ ነው። ሐኪሙ ቀሪውን ገላሽን ዳስሶ ሌላ ካላገኘ ነገሩ እዚያው አለቀ። በቁንጅና ምክንያት ማስወጣት ነውር አይደለም፤ ግን ፈተናሽን ጨርሰሽ፣ እድገትሽም ማቆሙ በኤክስሬይ ታይቶ ይሁን። ያን ጊዜ ተመልሶ የመብቀል ዕድሉ ይቀንሳል። ቀዶ ሐኪሙን «በዚህ ቦታ የትኛው ነርቭ ያልፋል?» ብለሽ ጠይቂው። ምክንያቱን ከላይ አንብበሻል።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የእኅቴ ልጅ አዲስ አበባ ናት፤ 10 ዓመቷ ነው፤ ይኸው ሕመም አለባት። ኳስ ትጫወታለች፤ ቅልጥሟ ሲመታ ታለቅሳለች ብላ እኅቴ ጽፋልኛለች። ፓሎቫሮቲን የሚባል መድኃኒት እዚህ አሜሪካ እንዳለ ሰማሁ። ገዝቼ በሰው ልልክላት አስቤያለሁ። ስንት ወር ብትወስድ ይበቃታል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ

ወንድሜ፣ አትላክ። መድኃኒቱ እውነት አለ፤ ግን ለዚህ ሕመም አልተፈቀደም። ለኛ ዓይነት ልጆች ይሆን እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2018 ሙከራ ተጀምሮ ነበር፤ በኋላ ተቋርጧል። መድኃኒቱ ሥጋና ጅማት ወደ አጥንት በሚለወጥበት ኤፍኦፒ በሚባል ሌላ ሕመም ለተያዙ ሕፃናት ሲሰጥ፣ አጥንት የሚረዝምበትን ያንን የካርቲሌጅ ንብርብር ያለጊዜው ሲዘጋው ታየ። የተዘጋ ደግሞ አይከፈትም። አሜሪካ በ2023 ለኤፍኦፒ ስትፈቅደው እንኳ ሴት ልጅ 8፣ ወንድ ልጅ 10 ዓመት ሳይሞላቸው አይሰጥም ብላ ነው። እኔ ለ10 ዓመት ልጅ በሻንጣ የመጣ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጥ ዝም ብዬ አላይም።

ካልሲየም ልላክ እንዳትለኝም፤ ወተት እብጠቱን አያበዛውም፣ አይቀንሰውም። እኅትህ ልጅቷ ኳስ እንደምትጫወት፣ ቅልጥሟ ሲመታም እንደምታለቅስ ጽፋልህ ነበር ብለሃል። እሱን ላክላት፤ ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ ሰፋ ያለ የቅልጥም መከላከያ። ከመግዛትህ በፊት ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ያለውን አስለካ፤ ግራና ቀኙን ለየብቻ።